አይጥ ለማየት ጃፓን ድረስ?

በሰኔ 2017 ዓ.ም. ፈተና ከመጀመሩ በፊት በነበረው ሳምንት በዶርማችን ውስጥ ስሜ ተለውጦ «ሚኪ» መባል ጀምሬ ነበር። ምክንያቱም ይህ ነው። በአሜሪካ ካለችው ታላቅ እኅቴና ከልጆችዋ ጋር ቶኪዮ ላይ ለመገናኘት መወሰናችንን፥ ከዐሥሩም ቀን አንዱን በዲዝኒላንድ እንደምናሳልፍ ለአንድ ጓደኛዬ በምስጢር ነገርሁት፤ እርሱም በምስጢር ለፎቁ ሁሉ ነገረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «የታሪክ ተማሪ ሆነህ አይጥ ለማየት ጃፓን ድረስ ትሄዳለህ?» ያላለኝ ሰው ቢኖር ዘበኛው ብቻ ነው። እርሱም ቢሆን አልሰማ ይሆናል።

ሲሳለቁብኝ መልስ አልሰጠሁም፤ ፈተና ነበረ። አሁን ግን ሄጄ ስለ ተመለስሁ ሁለት ነገር በግልጽ ለመናገር እወዳለሁ። አንደኛው፥ በባሕር ማዶ የሚደረገውን ሽርሽር ከወኪል ገዝቶ ከመሄድ ራስ ዐቅዶ መሄድ ይሻላል፤ ይልቁንም እንደኛ ያለ ፓስፖርት ለያዘ ሰው። ሁለተኛው፥ መጫወቻው ፓርክና ከተማው የተለያዩ ነገሮች አይደሉም። ፓርኩን ለሕፃናት፥ ከተማውን ለዐዋቂዎች ብሎ የሚከፍል ሰው ሁለቱንም በግማሽ ዐይኑ ያያል።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። እኅቴ ከአገር ከወጣች ዐሥራ አራት ዓመት ሆኗታል። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅና አንድ የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ አሏት፤ እኔም በስልክ ከማየት በቀር በአካል አግኝቻቸው አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ደውላ «ሦስተኛ ዓመትህን በደኅና ጨርስ እንጂ ትኬትህን እኔ እቆርጣለሁ፤ የት እንደምንገናኝ አንተ ፈልግ» አለችኝ። ለምን ወደዚህ አትመጣም ትሉ ይሆናል። ወደዚህማ ስትመጣ የዘመድ ናት። ብቻዋን በመጣች ጊዜ አይተነዋል፤ ከአንዱ ቤት ምሳ ወደ ሌላው ቤት እራት ስትባል ዕረፍትዋ አልቆ፥ ለኔ የደረሰኝ ወደ አይሮፕላን ጣቢያ ስንሸኛት በመኪና ውስጥ ያለችው ግማሽ ሰዓት ነበረች። ስለዚህ ሦስተኛ አገር መፈለግ ነበረብን። ልጆቹ ዲዝኒላንድ አሉ (በአገራቸው ሁለት እያለላቸው!)፤ እኔ ጃፓን አልሁ፤ ቶኪዮ ሁለቱንም ይዛ ተገኘች።

በመጀመሪያ እቴቴ ለወኪል እንስጠው አለች። እኔም አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ሄጄ የታተመ ወረቀት ተቀበልሁ። ወረቀቱ ያማረ ነበር። ሦስተኛው ቀን፥ ቅዳሜ፥ ዲዝኒላንድ ይላል። አራተኛው ቀን «የከተማ ጉብኝት፥ ስምንት ሥፍራዎች» ይላል። አምስተኛው ቀን «ለገበያ የተተወ» ይላል። በሽፋኑ ላይ ደግሞ የስፔስ ማውንቴን ፎቶግራፍ አለበት። ቤቴ ገብቼ ባነብ ይህ ስፔስ ማውንቴን የተባለው መጫወቻ በ2024 ሐምሌ መጨረሻ ላይ ተዘግቶ እንደ አዲስ በመሠራት ላይ መሆኑን፥ የሚከፈተውም በ2027 እንዲሆን መታቀዱን አገኘሁ። (የጃፓኑን ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር፥ የራሳችንን በራሳችን እጽፋለሁና አትደናገሩ።) ፎቶግራፉ እንኳ ይቅር ይባላል። ይቅር የማይባለው መያዣው ነው፤ ገንዘቡ ቪዛ ሳይገኝ በፊት ይከፈላል፥ ቪዛው ቢከለከል ግን አይመለስም። እንግዲህ ወኪሉ ሸክሙን ይሸከምልኛል ብዬ ስሄድ፥ ከሸክሙ ሁሉ የከበደውን ለኔ ትቶ ቀላሉን ብቻ ሊወስድ ነበር ማለት ነው።

የቪዛውን ነገር ጥቂት ልቆይበት፤ ብዙዎቻችን የምንፈራው እርሱን ነውና። እኅቴና ልጆችዋ በአሜሪካ ፓስፖርት ያለ ቪዛ ገብተው እስከ 90 ቀን በጃፓን መቀመጥ ይችላሉ። የሰባት ዓመቱ ልጅ ፓስፖርቱን አሳይቶ ያልፋል። እኔ ግን ከመነሣቴ አስቀድሞ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው በየቀኑ የት እንደምውልና የት እንደማድር በሠንጠረዥ ጽፌ፥ ከገንዘብ ማስረጃ ጋር፥ ለኤምባሲው ማቅረብ ነበረብኝ። መጀመሪያ ይህ ነገር አናደደኝ፤ አልዋሽም። ሌላው ሰው እንደ ወፍ እየበረረ በደረሰበት ሲያርፍ እኛ ከነጎጆአችን ካርታ ካላቀረብን አንገባም ማለት ነው። ነገር ግን ሠንጠረዡን ለመሙላት ስቀመጥ ያላሰብሁት ነገር ሆነ። «ቀን፥ ሥራ፥ ማደሪያ» የሚሉት ሦስት ዓምዶች ባዶአቸውን ሲያዩኝ፥ ለመሆኑ እኔ በዚያ አገር ምን እፈልጋለሁ? የሚለውን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴን ጠየቅሁ። ከሱ በፊት «ጃፓን» የሚል ቃል እንጂ አሳብ አልነበረኝም። የወኪሉን ወረቀት ገልብጬ ብሰጥ ኖሮ «ስምንት ሥፍራዎች» ከሚለው በቀር ስለ ጉዞዬ የምናገረው አይኖረኝም ነበር። ግዴታ ሆኖ የመጣብኝ ወረቀት ለሽርሽሩ መሠረት ሆነ። አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀደድሁት። አምስተኛው ሄደ፤ ቪዛውም ወጣ።

አሁን ስለ ዕቅዱ። ከሌላው አስቀድሞ የሚወሰነው ፓርኩ ነው፤ ምክንያቱም ከተማው አይንቀሳቀስም፥ ፓርኩ ግን ይንቀሳቀሳል። ማለቴ ዋጋው። የቶኪዮ ዲዝኒላንድ ትኬት ቀን ተቈርጦለት የሚሸጥ ሲሆን፥ ዋጋውም እንደ ቀኑ ይለያያል። በ2023 ጥቅምት በወጣው ተመን ለአንድ ዐዋቂ ከ7,900 እስከ 10,900 የን፥ ከ4 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ ከ4,700 እስከ 5,600 የን ነው። ሁለት ዐዋቂና ሁለት ልጆች ለሆንነው ለኛ በርካሹ ቀን 25,200፥ በውዱ ቀን 33,000 የን ይሆናል። ልዩነቱ 7,800 ነው፤ የአንድ ዐዋቂ ትኬት ለማለት ምንም አልቀረው። ያ የወኪሉ ወረቀት ቅዳሜን የመረጠው እንግዲህ የማንን ኪስ አስቦ እንደ ሆነ እናንተው ፍረዱ። ደግሞ ቅዳሜ ቶኪዮም ዕረፍት ናት፤ ሰው ሁሉ ወደዚያው ይጐርፋል። እኛ ማክሰኞን ያዝን።

ወራቱም እንደዚሁ ነው። የጃፓን ተማሪ ቤቶች ለበጋ የሚዘጉት ወደ ሐምሌ 20 ገደማ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ሕፃን የሌለበት ቦታ ለማግኘት ያስቸግራል። ከዚያ በፊት ያሉት ሳምንታት ግን የዝናብ ወራት ናቸውና የአገሩ ሰው ይሸሻቸዋል። እኔ ለእቴቴ «የአዲስ አበባ ልጅ ዝናብ ፈርቶ ያውቃል ወይ?» አልኋትና በሰኔ አጋማሽ ሄድን። የረሳሁት ነገር ቢኖር ዝናቡ እንደኛው ዝናብ ብርድ ይዞ አለመምጣቱን ነው። ወበቁ የእንፋሎት ድስት ክዳን ነው። ይህን በሠንጠረዡ ላይ አልጻፍሁም ነበር፤ ቆይቶ ዋጋዬን ሰጠኝ።

ማደሪያን በተመለከተ ከእቴቴ ጋር ለሁለት ሳምንት በስልክ ተከራክረናል። እርስዋ ከፓርኩ አጠገብ እንደር አለች። እኔ አሳኩሳ አልሁ። ዲዝኒላንድ በስሙ የቶኪዮ ይባል እንጂ ያለው በቺባ ክፍለ ሀገር ኡራያሱ በሚባል ከተማ፥ ከባሕር ላይ ተሞልቶ በተሠራ መሬት ነው። በዚያ ያደረ ሰው ጧት ማታ የሚያየው ፓርኩን ነው፤ ጐረቤቱም ሁሉ እንግዳ ነው። አሳኩሳ ግን አሮጌ ሠፈር ናት፤ በየጠባቡ መንገድ ሽማግሌዎች ደጃቸውን ሲጠርጉ ይታያሉ። ከዚያ ወደ ፓርኩ ለመሄድ መጀመሪያ በጊንዛ መስመር እስከ ኡኤኖ፥ ከኡኤኖ በሂቢያ መስመር እስከ ሃቾቦሪ፥ ከሃቾቦሪም በኬዮ መስመር እስከ ማይሃማ ነው። ብዙ ሰው በታላቁ የቶኪዮ ጣቢያ በኩል ይሄድና ከሌሎቹ ባቡሮች ወደ ኬዮ መስመር ለመድረስ ከምድር በታች ረጅም መንገድ ሲራመድ ገና ከፓርኩ ሳይደርስ ይደክማል። ይህችን የሃቾቦሪን ብልሃት ያገኘኋት በሌሊት ካርታ ስመለከት ነው፤ ከታሪክ ትምህርት ከጻፍሁት ሁሉ ይልቅ በሱ እኮራለሁ። ያች ከአሳኩሳ እስከ ኡኤኖ ያለችው አጭር የባቡር መስመር ደግሞ በ1927 የተከፈተች፥ በእስያ የመጀመሪያዋ የምድር ውስጥ ባቡር መሆንዋን ስነግራት እቴቴ «እሺ፥ አሳኩሳ ይሁንልህ» አለች። ያሸነፍኋት በታሪክ ነው ወይስ በመሰልቸት አላውቅም።

ማክሰኞ ጧት በሩ ሳይከፈት ደረስን። ካፊያ ነበረ። ዲዝኒላንድ ስትገቡ መጀመሪያ የምታገኙት ወርልድ ባዛር የሚባል የሱቅ ጎዳና ነው፤ በአሜሪካ ያለው ወንድሙ ሰማይ ክፍት ሲሆን ይህኛው ከጫፍ እስከ ጫፍ በመስተዋት ጣሪያ ተሸፍኗል። ልጅቱ ካሊፎርኒያ ያለውን አይታ ስለ ነበረ ወዲያው «ጣሪያ አለው!» አለች። እኔም በዚያ ጣሪያ ሥር ቆሜ ዝናቡ ሲንኳኳበት ስሰማ አንድ ነገር ገባኝ፤ ያ ነገር ነው እንግዲህ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ።

ይህ ፓርክ በ1983 ሚያዝያ ሲከፈት ከአሜሪካ ውጭ የተሠራ የመጀመሪያው ዲዝኒላንድ ነበር። ነገር ግን የዲዝኒ ኩባንያ ንብረት አይደለም። ባለቤቱም አስተዳዳሪውም ኦሪየንታል ላንድ የሚባል በ1960 የተቋቋመ የጃፓን ኩባንያ ነው፤ ለዲዝኒ የሚከፍለው የስምና የፈጠራ መብት ዋጋ ነው። ባሕሩን ሞልቶ መሬት ያደረገው፥ ፓርኩን የገነባው፥ ሠራተኛውን ያሠለጠነው እርሱ ነው። አይጡ አሜሪካዊ ነው፤ ጣሪያው ግን ጃፓናዊ ነው። የአገሩ ሰማይ ዝናብ እንደሚያዘንብ ዐውቀው የሰውን ሐሳብ ሲወስዱ ጣሪያ አበጁለት።

የታሪክ ተማሪዎች የሆናችሁ ወዴት እንደምሄድ ገብቶአችኋል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. የመንግሥታቸው መልእክተኛ ሆነው ወደ ጃፓን ሄደው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈውልናል። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥታችንም ከሜጂ ሕገ መንግሥት ብዙ እንደ ወሰደ ከክፍል እንማራለን። ያን ጊዜ የነበሩት ምሁራን ጃፓንን እንደ መስተዋት ይመለከቱ ነበር፤ እንዴት ነው ይህ ሕዝብ የሰውን ዕውቀት ወስዶ የራሱን ሳይጥል የኖረው? እያሉ። ታዲያ ጓደኞቼ «እነ ኅሩይ ለሥልጣኔ የሄዱበት አገር አንተ ለአይጥ ትሄዳለህ» ሲሉኝ የማይመልሱልኝ ጥያቄ አለ። ይህ የመበደርና የማስማማት ሥራ ከፋብሪካና ከጦር መርከብ ላይ ብቻ ለምን ይጠናል? በጨዋታ ቦታ ላይ ያለው ያንሳል ወይ? እኔ በበኩሌ ከቤተ መጻሕፍታችን በሦስት መጽሐፍ ፈልጌ ያጣሁትን በዚያ የመስተዋት ጣሪያ ሥር አግኝቼዋለሁ ብዬ እደፍራለሁ። ደፋር ብትሉኝም እቀበላለሁ።

ሌላው ያስገረመኝ ያለ ልጅ የመጣው ሰው ብዛት ነው። በኛ ዕድሜ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተመሳሳይ ልብስ ለብሰው፥ ሽማግሌዎችም በአይጥ ጆሮ ቆብ አጊጠው ይሄዳሉ፤ ማንም አይስቅባቸውም። የኛን ዶርም ወደዚያ ወስጄ አንድ ቀን ባውለው ብዬ ተመኘሁ።

ስለ ወረፋው ብዙ ሰው ያማርራል፤ ክፍያ ጨምሮ ፈጥኖ መግባትም አለ። ተጨማሪ ለመክፈል አቅሙ ስላልነበረን ተሰለፍን። አንዱን መጫወቻ ሰባ ደቂቃ ጠበቅን። ነገር ግን እኔና የእኅቴ ልጆች የተዋወቅነው በዚያ ሰባ ደቂቃ ውስጥ ነው እንጂ በመጫወቻው ላይ አይደለም፤ መጫወቻውማ ከአምስት ደቂቃ አላለፈም። ልጁ አማርኛ ይሰማል እንጂ አይናገርም። በሰልፉ ውስጥ ከፊታችን ያሉትን ጃንጥላዎች በአማርኛ መቍጠር ጀመርን፤ ሠላሳ ሲደርስ «ሠላሳ ዐሥር» አለ። እኅቱ ሳቀችበትና አርማ «አርባ» ስትለው ተናደደ፤ ከዚያ ወዲያ እስከ መቶ ሳይሳሳት ቈጠረ። ሩጫ የበዛበት የወኪል ፕሮግራም ቢሆን ኖሮ ይህ ሰልፍ «የባከነ ጊዜ» ይባል ነበር።

እቴቴ ጾመኛ ናት፤ ጊዜውም የሐዋርያት ጾም ነበረ። በጃፓን መጾም ለሚያስብ ሰው አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፤ አትክልት የሚመስለው ሾርባ ሁሉ መሠረቱ ብዙ ጊዜ የዓሣ መረቅ ነው፤ ሽታው ያስታውቃል። ወደ ፓርኩ ደግሞ ምግብ ይዞ መግባት አይፈቀድም፤ ከውጭ ይዞ የመጣ ከበሩ ውጭ በተዘጋጀው ቦታ በልቶ ይገባል። እኛም እንደዚያው ዳቦና ሙዝ በልተን ገባን። ውስጥ ያለው ጉድ ግን ፈንዲሻ ነው። በየጥጉ ልዩ ልዩ ጣዕም ያለው ፈንዲሻ ይሸጣል፤ ሰውም ለፈንዲሻ በሰልፍ ይቆማል። እቴቴ የፈንዲሻውን ዕቃ በአንገትዋ አንጠልጥላ «ቡናው ብቻ ቀረ» ስትል እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

በሚቀጥለው ቀን እዚያው ሠፈራችን ውስጥ ወዳለው ሁለተኛው ፓርክ ሄድን። ሃናያሺኪ ይባላል። በ1853 የአበባ አትክልት ሆኖ የተከፈተ ሲሆን፥ ከጃፓን መጫወቻ ፓርኮች ሁሉ አንጋፋው ነው። በውስጡ ያለው ሮለር ኮስተር በ1953 የተሠራ ነው፤ በአገሩ በሥራ ላይ ካሉት ሁሉ ያረጀው እርሱ ነው። እጅግ ጠባብ ቦታ ነው፤ ባቡሩ በቤቶች ግድግዳ አጠገብ እየተንገጫገጨ ሲያልፍ እጅህን ብትዘረጋ የሰው መስኮት የምትነካ ይመስልሃል። ፍጥነቱ አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ጩኸቱ ነው። ከበሩ ጥቂት እርምጃ ላይ ደግሞ ሴንሶጂ የተባለው ታላቁ የቡድሃ ቤተ መቅደስ አለ፤ መግቢያውም በነፃ ነው። ዋናው አዳራሽ በ1945 መጋቢት በአሜሪካ አይሮፕላኖች በተጣለ ቦምብ ከሠፈሩ ጋር ተቃጥሎ፥ በ1958 እንደ ገና ተሠራ።

እንግዲህ ቀኖቹን ልብ በሉ። ሠፈሩ በ1945 ዐመድ ሆነ። ሮለር ኮስተሩ በ1953 ቆመ። የቤተ መቅደሱ አዳራሽ በ1958 ተፈጸመ። ይህ ሕዝብ መጫወቻውን ከመቅደሱ አምስት ዓመት አስቀደመ ብሎ የሚፈርድ ይኖር ይሆናል፤ መቅደስ ለመሥራት የሚፈጀውን ገንዘብና ጥበብ ስናስብ ፍርዱ ልክ አይመስለኝም። ነገር ግን ከተቃጠለ ሠፈር ውስጥ በስምንት ዓመት ጊዜ ልጆች የሚጮኹበት ባቡር መሥራት ቀላል ነገር ነው የሚለኝ ካለ አልቀበለውም። ይህን ያየሁት ሁለቱን ቦታዎች በአንድ ጧት ስለ ተመለከትኋቸው ነው፤ በተለያየ ቀን፥ በተለያየ አውቶቡስ፥ አንዱን «ለልጆች» ሌላውን «ለባህል» ተብሎ ቢያሳዩኝ ኖሮ አላገናኛቸውም ነበር። ልጆቹን ከጠየቃችሁ ግን ዲዝኒላንድ በብዙ ይበልጣል፤ የነሱን ቃል ደብቄ የኔን ብቻ አልጽፍም።

ከሠንጠረዡ አንድ ቀን ለራሴ ብቻ ወስጄ ነበር። እቴቴ ልጆቹን ይዛ በ1882 ወደ ተከፈተው ወደ ኡኤኖ አራዊት ማሳያ ስትሄድ እኔ ወደ ምዕራብ ሄድሁ። ይህን ቀን ያስጻፉኝ አያቴ ናቸው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ማራቶን ሲያሸንፍ አያቴ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ወሬውን በጎረቤት ሬዲዮ ሰምተዋል። የጉዞዬን ነገር ስነግራቸው ስለ ዲዝኒላንድ አንድ ቃል አልጠየቁኝም። «የሮጠበትን መንገድ እይልኝ፤ ዳገት አለው ወይ?» አሉኝ።

መጀመሪያ ሺንጁኩ ባለው የከተማው አስተዳደር ሕንጻ 45ኛ ፎቅ ላይ ወጣሁ። 202 ሜትር ከፍታ ነው፤ ለማየትም አንድ ሳንቲም አይከፈልም። ሌሎች ማማዎች ገንዘብ ሲያስከፍሉ ተማሪ የሆነ ሰው ይህን ማወቅ ይገባዋል። ከዚያ ወደ ታች ሲመለከቱ ኮሹ ካይዶ የሚባለው ጎዳና ወደ ምዕራብ ተዘርግቶ ይታያል። አበበ ከስታዲየሙ ተነሥቶ በዚያ መንገድ እስከ ቾፉ ሮጦ ነው የተመለሰው፤ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው። ስታዲየሙ ራሱ ፈርሶ በ2019 ሌላ ተተክቶበታል፤ ጎዳናው ግን ያው ነው። በኬዮ ኩባንያ ባቡር ቶቢታክዩ በምትባል ጣቢያ ወርጄ የማራቶኑን መመለሻ የሚያመለክተውን ድንጋይ ፈልጌ አገኘሁት። ትንሽ ነው፤ መኪናው ያለ ማቋረጥ ያልፋል፤ ከኔ በቀር የቆመ አልነበረም። ፎቶግራፍ አነሣሁና ለአያቴ ላክሁ።

ዕቅዴ ከዚያ እስከ ሺንጁኩ በእግር መመለስ ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነበር፤ እርሱ የሮጠውን ግማሽ መንገድ መራመድ ለኔ ምን ያቅተኛል ብዬ። በዚያ ወበቅ ሁለት ሰዓት ያህል ተራመድሁ። ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣበቀ፥ ውኃዬ አለቀ፥ እግሬ ተላጠ፤ በመጨረሻ ወደ ቀረበችው ጣቢያ ገብቼ በባቡር ተመለስሁ። አበበ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ ሙሉውን 42 ኪሎ ሜትር ጨርሶ፥ ከተከተለው እንግሊዛዊ አራት ደቂቃ ቀድሞ ገብቶ፥ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። የኔ ሠንጠረዥ የተሰበረበት ቀን ይህ ብቻ ነው፤ ጥፋቱም የኔ ነው። ስመለስ አያቴ አሁንም ዳገት አለው ወይ አሉኝ። ሜዳ ነው፥ ግን ረጅም ነው አልኋቸው። «ርዝመቱንማ እናውቃለን» አሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ፤ ዝም ብዬ ባልፈው ትታዘቡኛላችሁ። ቁም ነገረኛ የሆነ አንድ ጓደኛዬ ያለ ፌዝ እንዲህ አለኝ። «ግማሹ ተማሪ ለቅጂ የሚከፍለው አጥቶ በሚቸገርበት ጊዜ ስለ ዲዝኒላንድ ትኬት በዚህ መጽሔት መጻፍ አታፍርም?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተደረገ ጀምሮ አንድ የኢትዮጵያ ተማሪ በራሱ ኪስ ቶኪዮ እሄዳለሁ ቢል ቀልድ ነው። እኔም በራሴ ኪስ አልሄድሁም። የአይሮፕላኑንና የሆቴሉን ዋጋ የከፈለችው እኅቴ ናት፤ እኔ ለሁለት ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እያስጠናሁ ባጠራቀምሁት የቪዛውንና የባቡሩን ወጪ፥ አንድ ቀንም የሁላችንን ምሳ ችያለሁ። ያችን ምሳ በመክፈሌ የተሰማኝን ኩራት ለመግለጽ አልሞክርም።

ግን ለዚያ ጓደኛዬ የምለው ይህን ነው። በዚህ ግቢ ውስጥ እኅቱ ወይም ወንድሙ ወይም አባቱ በባሕር ማዶ ያልሆነበት ተማሪ ስንት ነው? በያመቱ ከመካከላችን አንዱ «ዱባይ ላይ እንገናኝ»፥ «ኢስታንቡል ላይ እንገናኝ» ይባላል። የሚላክለት ትኬት ነው፤ ያልተላከለት ግን ዕቅድ ነው። ያን ጊዜ አብዛኛው ሰው ያን የታተመ ወረቀት ይገዛና ከሰባት ቀን አራቱን በአውቶቡስ መስኮት አይቶ ይመለሳል፤ ከዘመዱም ጋር ያልተነጋገረውን ሳይነጋገር። ገንዘቡ የሚባክነው እንግዲህ እዚያ ላይ ነው። እኔ ለሁለት ወር ያህል ማታ ማታ በዶርም አልጋዬ ላይ የሠራሁት ሥራ ከኢንተርኔት ክፍያ በቀር ምንም አላስወጣኝም፤ የእኅቴን ገንዘብ ግን አድኗል፤ ያዳነውንም ያህል ሦስት ቀን ጨምረን ቆይተንበታል።

ከእቴቴ ጋር ያልተስማማንበት አንድ ጉዳይ ቀርቷል። ከዲዝኒላንድ ጎን በ2001 የተከፈተ ዲዝኒሲ የሚባል ሁለተኛ ፓርክ አለ፤ በ2024 ሰኔም አዲስ ክፍል ተጨምሮበታል። እርስዋ ሁለቱንም እንይ ስትል እኔ ለዐሥር ቀን አንዱ ይበቃል፥ ሁለተኛው ቀን ከከተማው ይሰረቃል ብዬ ሠንጠረዡ ላይ አላስገባሁትም ነበር። ባለፈው ሳምንት ደውላ ልጆቹ እስካሁን ስለ ዲዝኒሲ እንደሚጠይቁ፥ የኔን ከሺንጁኩ የመጣ የተላጠ እግርም እንደሚያስታውሱ ነገረችኝ። «አንተ ለድንጋይህ አንድ ቀን ሙሉ ወስደህ ለኛ አንድ ቀን ነፈግኸን» አለች። መልስ አጣሁ። ሠንጠረዡን ከፋይሌ አውጥቼ እንደ ገና ስመለከተው፥ እውነትም ዘጠነኛው ቀን ላይ ከሰዓት በኋላ «ገበያ» የሚል ቃል ተጽፎ አገኘሁ፤ ያውም በገዛ እጄ።